ሰውን ሸቀጥ ያደረጉ ፊልሞች እንደገና ይሠሩ?



ከሃምሳ ዓመት በፊት አገራችን ውስጥ የተቀረጸ አንድ የአሜሪካ ፊልም አለ። ስሙ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ይባላል። ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል፤ ወጣቶችን በሥራ ስም እያታለለ ከአፍሪካ ወደ ፓሪስ የሚያግዝ የባሪያ ነጋዴዎች መረብ አለ። አንድ አሚር መረቡን የሚበጥስለት ሰው ሲፈልግ ሻፍት የተባለውን የኒውዮርክ መርማሪ ያስመጣል። ሻፍትም የአገሩን ልጅ መስሎ፣ ካሜራ የተደበቀበት በትር ይዞ፣ ከስደተኞቹ ጋር ይጓዛል።

መነሻው ቁም ነገር ነው። የሰው ንግድ ትናንትም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ትኬት የሸጠው በዚህ ቁም ነገር አይደለም። በጠብ፣ በዕርቃን ገላና በመኝታ ቤት ትዕይንት ነው። የአሚሩ ልጅ ሳትቀር ለዚሁ ገበያ ቀርባለች። የሴት ልጅ ግርዛት፣ ብዙ እህቶቻችንን ለስቃይና ለሞት የዳረገው ያ ከባድ ጉዳይ፣ ፊልሙ ውስጥ የገባው ለወንድና ሴት ጨዋታ ማጣፈጫ ሆኖ ነው።

ዛሬ የፊልም ኩባንያዎች አሮጌ ፊልሞችን ከመጋዘን እያወጡ እንደገና መሥራት ለምደዋል። የሻፍት ታሪክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2019 በአዲስ መልክ ተመልሶ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው «ሱፐር ፍላይ» በ2018 እንደገና ተሠርቷል። አገራችንን የነካው የሻፍት ክፍል ግን እስካሁን አልተነካም። ነገ አንድ ኩባንያ ካሜራውን ተሸክሞ መጥቶ «እንደገና ልሠራው ነው» ቢለን ምን እንመልስለታለን?

ጥያቄው ለጂንካና ለደቡብ ኦሞ ሰው የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ከሁሉ በላይ ይህን አካባቢ የሚመለከት ነው እንላለን። ምክንያቱም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በዚህ ምድር ያ አሮጌ ፊልም ማንንም ሳያስፈቅድ በየዕለቱ እንደገና እየተሠራ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

ለመሆኑ እነዚህ ፊልሞች ምን ዓይነት ናቸው?

ፈረንጆቹ «ኤክስፕሎይቴሽን» የሚሏቸው ፊልሞች በትንሽ ገንዘብ፣ በጥድፊያ ተሠርተው፣ ሰው አፉን ከፍቶ በሚያየው ነገር የሚነግዱ ናቸው። ደም፣ ዕርቃን፣ ጭካኔ፣ «እንግዳ» የሚባል የሌላ ሕዝብ ልማድ፣ ይህ ሁሉ ለእነርሱ ሸቀጥ ነው። ከዕቃ ንግድ የሚለያቸው የሚሸጠው ሰው ከዋጋው ምንም አለማግኘቱ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ያተኮሩ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ሲበዙ፣ የጥቁሮች መብት ተሟጋች ድርጅት የሆነው የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. የሆሊውድ ቅርንጫፍ ሰው ጁኒየስ ግሪፈን በ1972 «ብላክስፕሎይቴሽን» የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙ ወቀሳ ነበር። ጥቁር ሰው በፊልም ሲታይ ወይ ዕፅ ነጋዴ፣ ወይ ሴት አሳዳጅ፣ ወይ ነፍሰ ገዳይ ብቻ ሊሆን ነው ወይ የሚል። በሌላ በኩል የተከራከሩም ነበሩ። የመጀመሪያውን «ሻፍት» እ.ኤ.አ. በ1971 የሠራው ጎርደን ፓርክስ ጥቁር ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ምክንያት ብዙ ጥቁር ተዋንያን፣ ጸሐፊዎችና ሙዚቀኞች የተዘጋባቸው በር ተከፍቶላቸዋል። ይህን መካድ ፍትሕ አይሆንም።

ሁለተኛው ዓይነት የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃኮፔቲ፣ ካቫራና ፕሮስፔሪ የተባሉ ጣሊያናውያን «ሞንዶ ካኔ» የሚል ፊልም አወጡ። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ አስደንጋጭ ነገር ሁሉ በላዩ ላይ የሚያሾፍ ድምፅ ተጨምሮበት «እውነተኛ ዘጋቢ ፊልም» ተብሎ ቀረበ። ገበያው ሲደራ ጃኮፔቲና ፕሮስፔሪ በ1966 «አፍሪካ አዲዮ» የሚለውን ሠሩ። የዚህ ፊልም ነገር ጣሊያን ውስጥ ከፍ ያለ ክስ አስነሥቷል። ሰዎች ሲገደሉ የሚታይባቸው ክፍሎች ለካሜራው ሲባል የተቀናበሩ ናቸው ተብሎ ጃኮፔቲ ተመርምሮ ነጻ ወጥቷል። በ1971 ደግሞ በዱቫልየ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሄይቲ ሄደው ስለ ባርነት «አዲዮ ዚዮ ቶም»ን ቀረጹ። ባርነትን ልናወግዝ ነው አሉ። ነገር ግን የሄይቲን ድሆች በብዛት ሰብስበው፣ አራቁተው፣ በሰንሰለት አስረው ያሳዩት የአያቶቻቸውን ውርደት በልጆቻቸው ገላ ላይ እየደገሙ ነው።

እንደገና ቢሠራ ይስተካከላል?

ይሠራ የሚሉ ወገኖች ክርክር ቀላል አይደለም። «የሰው ንግድ ዛሬም አለ፤ አሮጌው ፊልም ያበላሸውን አዲሱ ያቃናዋል፤ ወጣቱ አሮጌ ፊልም አያይም፣ በዘመኑ ቋንቋ ካልነገርከው አይሰማህም» ይላሉ። እውነትም ጉዳዩ አላረጀም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተባርረው ሲመለሱ አይተናል። በሊቢያ በረሃ ስንቱ እንደ ዕቃ ተይዞ ለቤተሰቡ ማስለቀቂያ እንደተጠየቀበት የማያውቅ ሰፈር የለም። ይህን የሚያሳይ በጎ ፊልም ቢኖር ደስ ይለናል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነው። አሮጌ ፊልም ተመልሶ ሲሠራ ከታሪኩ ጋር የአሮጌው ዐይን አብሮ ይመጣል። አንድ ምሳሌ እንስጥ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዲዮዳቶ የተባለ ጣሊያናዊ በአማዞን ጫካ «ካኒባል ሆሎኮስት» የተባለ ፊልም ሠራ። በቀረጻው ላይ እንስሳት በእውን ተገድለዋል። የጫካው ነባር ሕዝቦችም ሰው በላ ተደርገው ታይተዋል። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ኢላይ ሮት የተባለ አሜሪካዊ ያን ፊልም አድናቂ ሆኖ «ግሪን ኢንፌርኖ»ን በፔሩ ቀረጸ። ካሜራው ተሻሽሏል፣ ቀለሙ ጠርቷል። የአማዞን ሰው ግን አሁንም ሰው በላ ነው። የነባር ሕዝቦች መብት ተሟጋቾች የተቃወሙትም ለዚህ ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የተለወጠው መሣሪያው ብቻ ነበር።

ፊልም እጅ ሲለውጥ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድም አያሻንም። ሻፍት በታየበት በዚያው በ1973 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም አሳየ። ሥራው የተሸሸገ ሞትን ያጋለጠ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ለተራቡትም እርዳታ አስገኝቷል። ወዲያው ግን ፊልሙ በደርግ እጅ ገባ። የንጉሡ ድግስና የረሃብተኛው ገላ ተቀላቅሎ እንደገና ተሰፋና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። የተቀላቀለው ሁለቱም ሥዕል እውነት ነበር። ነገር ግን ያ የወሎ እናት፣ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፣ ገላዋ ለማን ጉዳይ ማስረጃ እንደሚሆን በመጀመሪያውም በሁለተኛውም የጠየቃት የለም።

ካሜራ በኦሞ ምድር

አሁን ወደ ደቡብ ኦሞ እንምጣ። ሐመር፣ በና፣ ካሮ፣ ሙርሲ፣ ቦዲ፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ አርቦሬ፣ ጸማይ፣ ማሌ፣ አሪና ሌሎችም በጂንካ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ ይኖራሉ። ሐሙስ ቁልፍ ያለ የቀይ አፈር ገበያ፣ ቅዳሜ የዲመካ ገበያ፣ ሰኞ የቱርሚ ገበያ ይውላል። በእነዚህ ገበያዎች ቅቤ፣ ማር፣ ማሽላና ፍየል ይሸጣል። ሌላም የሚሸጥ ነገር አለ፤ ፎቶግራፍ።

ወደ አካባቢው የመጡት ካሜራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ይህን ለይቶ ማወቅ ለጥያቄያችን መልስ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለት ፊልሞች ወጡ። አንደኛው ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር የሠራው «ሪቨርስ ኦፍ ሳንድ» ነው። ዕውቅ ሥራ ነው፣ የብዝበዛ ፊልም ብለን አንጠራውም። ሆኖም ከ1970 ጀምሮ ሐመር ውስጥ ሲኖሩና ቋንቋውን ሲማሩ የቆዩት ጂን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር ፊልሙ ከሐመሮች ይልቅ የሠሪውን ሐሳብ ይናገራል ብለው ተችተውታል። ሁለተኛው ሌስሊ ውድሄድ ከአንትሮፖሎጂ ሊቁ ዴቪድ ተርተን ጋር ስለ ሙርሲ የሠራው ነው። የሙርሲ ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው የከንፈር ሸክላን ነው። ይህ ፊልም ግን ያተኮረው ሙርሲዎች ከቦዲ ጋር በነበራቸው ጦርነት ወቅት ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሲያዳምጥ፣ ሽማግሌ ሲከራከርና ሲስማማ ነው። ተመልካቹ ያየው የሚያስብና የሚመክር ሕዝብ ነው።

ሊዳል ከተቸች በኋላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከጆአና ሄድ ጋር ሆና ለቢቢሲ ቴሌቪዥን ስለ ሐመር ሴቶች ሦስት ፊልሞች ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1990፣ በ1991 እና በ1994። በሁለተኛው ፊልም ዱካ የተባለች ሙሽራ ትታያለች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ ሊዳል ከልጇ ከካይራ ጋር ወደዚያችው ዱካ ቤት ተመለሰች። ዱካ አሁን የልጆች እናት ናት። ባሏ ሁለተኛ ሚስት አግብቶባታል። ስለ ጣውንቷ፣ ስለ ባሏና ስለ ልቧ የምትናገረው ራሷ ናት። ከእኛ ቤተሰቦች ስንቷ ሴት ይህን ብትሰማ «የእኔን ተናገረችልኝ» አትልም! እንዲህ ያለውን መመለስ ማንም አይጠላውም። ቀራጩ ወደ ሰውዬዋ ተመለሰ እንጂ ወደ አሮጌው ሥዕል አልተመለሰም።

እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። በማጎ ፓርክ በኩል ወደ ሙርሲ መንደሮች የሚወርዱት መኪኖች የሚይዙት ሌላ ካሜራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ሙርሲዎች ከ7 እስከ 8 ሺህ ቢሆኑ ነው። ጎብኚ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያነሣል፣ በነፍስ ወከፍ ብር ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሙርሲዎችም ጎብኚው ምን እንደሚፈልግ ስላወቁ ለዕለቱ የማይለብሱትን ይለብሳሉ፤ ራሳቸው ላይ ቅርጫትና ቀንድ ይደፋሉ፣ ገላቸውን ይቀባሉ። ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ግንኙነት መርምሮታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ሆላንዳውያን የሠሩት «ፍሬሚንግ ዘ አዘር» የተባለ አጭር ፊልምም አንዲት የሙርሲ ሴትና አንዲት ሆላንዳዊት ጎብኚ ለዚያች የፎቶ ቅጽበት እንዴት እንደሚዘጋጁ ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለቱም ስለ ሌላይቱ የሚያስቡትን ስንሰማ እናዝናለን። ተገናኙ፣ ግን አልተዋወቁም።

ለጎብኚው የሚነገረውም ተረት አለ። «የከንፈር ሸክላ የተጀመረው ሴቶቹ አስቀያሚ ሆነው የባሪያ ፈንጋይ እንዳይወስዳቸው ነው» ይባላል። ተርተን ለዚህ አባባል ማስረጃ አለመኖሩን ጽፏል። ለሙርሲ ልጃገረድ ሸክላው ለአካለ መጠን የመድረሷ ምልክት ነው። ጎብኚው ግን በፊልም የለመደውን ዓይነት ታሪክ ስለሚፈልግ ያንኑ ይሰማል። ከንፈሩን አጉልቶ የሚያነሣው ያ ካሜራ ደግሞ ውሃውን አያሳይም። የኦሞ ወንዝ ሲሞላ ዳሩ ላይ የሚቀረው ደለል የሙርሲ፣ የካሮና የዳሰነች እርሻ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ ያን የወንዝ ሙላት ለውጦታል። ሰዎቹ ዛሬ የሚነጋገሩት ስለ እህል፣ ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ነው። ሥዕሉ ላይ ግን ይህ የለም።

ጃኮፔቲ እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ይኸው አልነበረም? ሕዝብን ከኑሮው ነጥሎ፣ አስገራሚውን ብቻ ቆርጦ ማሳየት! ያ አሮጌ ፊልም በየዕለቱ እንደገና እየተሠራ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

እኛስ ከየትኛው ወገን ነን?

ሙስሊም አንባቢ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። የፊልም ካሜራ በራሳችን ላይ የሠራውን እናውቃለንና። የሊባኖስ ተወላጅ የሆነው አሜሪካዊው ጃክ ሻሂን እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መጽሐፍ ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልሞችን መርምሯል። ዐረብና ሙስሊም በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ በአብዛኛው ወይ ቦምብ ጣይ፣ ወይ ሴት ሰብሳቢ ሀብታም፣ ወይ ባሪያ ነጋዴ ሆኖ እንደሚታይ አሳይቷል። ልጆቻችን ይህን እያዩ ሲያፍሩ ተመልክተናል። በሐሰት መታየት እንዴት እንደሚያም የሚያውቅ ሰው ጎረቤቱን በዚያው መስታወት ሊያየው አይገባም።

ነገር ግን እናያለን። የደቡብ ኦሞን ሰው በዘፈን ክሊፕ ማጀቢያ፣ በቀልድ መነሻ፣ በስልክ ቪዲዮ መሳቂያ የሚያደርገው ፈረንጅ ብቻ አይደለም። የከተማ ልጅ ገበያ ወጥቶ የሐመር እናት ቅቤ ስትሸጥ ደረቷን ቀርጾ ለጓደኛው ይልካል። አንዳንዱ ሙስሊም ነኝ የሚል ነው። ታሪካችንንም አንርሳ። ይህ አካባቢ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ባሪያ ሲፈነገልበት የኖረ ነው። በንግዱ ውስጥ ክርስቲያን ሹማምንትም ሙስሊም ነጋዴዎችም ነበሩበት። ባርነት በአዋጅ የታገደው በ1934 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዘመን ዐይን ግን በአዋጅ አይጠፋም።

ዲናችን በዚህ ላይ የሚለው ግልጽ ነው። በሱረቱል ሑጁራት ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) አንዱ ሕዝብ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ ከልክሏል፤ የተሳለቁበት ከሚሳለቁት የተሻሉ ሊሆኑ እንደሚችሉም አስጠንቅቋል። እዚያው ሱራ ውስጥ ሰዎች በጎሣና በሕዝብ የተለያዩት እንዲተዋወቁ መሆኑን ነግሮናል። በሱረቱል ኢስራእ ደግሞ የአደምን ልጆች ማክበሩን ነግሮናል። ያ ክብር በልብስ መጠን የተከፋፈለ አይደለም።

«ታዲያ ራቁታቸውን መሆናቸውን እንዴት እንየው?» የሚል ወጣት አለ። ሱረቱን ኑር መልሱን ይሰጣል። ዐይንን የመስበር ትእዛዝ በቅድሚያ የመጣው ለሚያየው ወንድ ነው። የሐመር እናት ባሕሏ እንዳለበሳት ለብሳ ገበያዋን ትገበያያለች። ዐይኑን መስበር ያለበት እርሱ ነው። ስልክ አውጥቶ ማጉላት የዚህ ትእዛዝ ተቃራኒ ነው።

«እኛ አልዋሸንም፤ ያለውን ነው የቀረጽነው» የሚልም አለ። ጃኮፔቲም ያለው ይህንኑ ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ሐሜት ያስተማሩትን እናስታውስ። አንድ ሰው በሌለበት የሚጠላውን ነገር ማንሣት ሐሜት ነው፤ ነገሩ እውነት ቢሆንም ሐሜት ከመሆን አይወጣም፤ ውሸት ከሆነማ ቅጥፈት ይሆናል። እንግዲህ «እውነት ነው» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም። ይህን ሚዛን ሙስሊም ላልሆነው ጎረቤታችንም ልንዘረጋለት ይገባል ብለን እናምናለን። የጎረቤት ሐቅ ከባድ መሆኑን ሁላችንም ከመድረሳ ጀምሮ ተምረነዋል።

ስለ ፎቶግራፍ ራሱ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸው። ያንን ለእነርሱ እንተወዋለን። የፈቀዱትም ቢሆኑ ሰው የሚዋረድበትን ምስል አልፈቀዱም።

ታዲያ ምን ይሁን?

የእኛ መልስ እንዲህ ነው። እነዚያ ፊልሞች እንደገና መሠራት የለባቸውም። መጥፋትም የለባቸውም። ምስክር ናቸውና ይቀመጡ። በጂንካ ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ተቋቁሟል። ጂንካ ዩኒቨርሲቲም በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል። በአካባቢው ከሃምሳ ዓመት በላይ የተቀረጹት ፊልሞች ቅጂ በእነዚህ ተቋማት ተሰብስቦ፣ ለሐመርና ለሙርሲ ልጆች በሽማግሌዎች ማብራሪያ ቢታይ ትልቅ ሥራ ነው። የራሱን አያት በፊልም ያየ ልጅ «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ውሸት ነው» ማለት ይችላል። ያን የሚለው ልጅ ነገ የራሱን ፊልም ይሠራል።

እንዲህ ያለው ተጀምሯልም። ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ የሙርሲ ልጅ ከቤን ያንግ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2009 «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ» የሚል ፊልም ሠርቷል። ሕዝቡን ያሳየው ከውስጥ ሆኖ ነው። ለክፉ ፊልም የሚሰጠው ምርጥ መልስ ሌላ ፊልም መሆኑን ኃይሌ ገሪማም አሳይቷል። ስለ ባርነት እ.ኤ.አ. በ1993 የሠራው «ሳንኮፋ» የሚጀምረው በጋና የባሪያ ምሽግ ደጃፍ ላይ ለፎቶ በምትሽሞነሞን አንዲት ሞዴል ነው። ያቺ ሴት ወደ ኋላ ተወስዳ የአያቶቿን ባርነት በራሷ ገላ ትቀምሰዋለች። አከፋፋዮች ፊልሙን አንወስድም ቢሉት ኃይሌ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው። ካሜራ ያዋረደውን ካሜራ ሊያነሣው ይችላል።

ሙስሊሞችም ምሳሌ አለን። ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 «ዘ ሜሴጅ»ን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በተለያዩ ተዋንያን ሁለት ጊዜ ሲሠራ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አካልም ድምፅም አላሳየም፣ አላሰማም። ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ አለቀሰበት። ማክበር ያለበትን ሳያሳይ መተው ለፊልም ድክመት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የአገር ልጅ መሆን ብቻውን ግን አይበቃም። ስለ ጠለፋ የተሠራው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ ጥሩ ዓላማ ያለው ፊልም ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊታይ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ታሪኩ የተመሠረተባት ሴት መብቴ አልተጠበቀም ብላ አመልክታ ነበርና። ዓላማው የቱንም ያህል በጎ ቢሆን የባለታሪኩ ፈቃድ ይቀድማል።

«ጎብኚውስ ቢቀር ሰዎቹ ምን ይበላሉ?» የሚለው ጥያቄም መልስ ይፈልጋል። ጎብኚ አይምጣ አንልም። ለአንዳንድ ቤተሰብ ያ ብር የእህል መግዣ ነው። እኛ የምንለው ዋጋውን፣ ሰዓቱንና የሚነሣውን ነገር የሚወስነው የመንደሩ ሰው ይሁን ነው። ለፎቶ ከሚከፈል ብር ይልቅ ለማር፣ ለቅልና ለዶቃ የሚከፈል ብር ሰውን አያዋርድም።

ለቤተሰብና ለወጣቶች

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በስልክ ላይ የሌላ ሕዝብ ሰው መሳቂያ ሆኖ ሲያዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ። «ይህ ሰው ስሙ ማነው? የሚያሳስበው ምንድን ነው? እናትህ እንዲህ ብትታይ ትወዳለህ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከቁጣ ይልቅ ጥያቄ ልጅን ያስባል።

ወጣቶች ሆይ! ካሜራው ዛሬ በእጃችሁ ነው። አስጎብኚ ሆናችሁ የምትሠሩም አላችሁ። ከመቅረጻችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት፤ በሚገባው ቋንቋ ጠይቁት። እምቢ ካለ እምቢታው ይከበር። ከቀረጻችሁ መጀመሪያ ለራሱ አሳዩት። ሠርታችሁ ካገኛችሁበት ድርሻውን ስጡት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አላህ ያያችሁ እንደሆነ አስቡ። ለጎብኚ የሚጣፍጥ ተረት ከመናገር እውነቱን ተናገሩ፤ የሐሰት ገቢ በረካ የለውም።

ያ የፊልም ኩባንያ ነገ ቢመጣ የምንሰጠው መልስም ይኸው ነው። ስለ ሰው ንግድ ፊልም መሥራት ከፈለገ ከበረሃ የተመለሱት ልጆቻችን አሉ፤ ቁጭ ብሎ ይስማቸው። የ1973ቱን ፊልም ግን እዚያው መጋዘኑ ይተወው።

አላህ (ሱ.ወ.) ዐይናችንን ከሐራም፣ ምላሳችንን ከሐሜት፣ እጃችንንም ሰውን ከማዋረድ ይጠብቅልን። ጎረቤቶቻችንን የምናውቅና የምናከብር ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።